ለታጋሽ የሚከፍል ጌም

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ከ10 ሴኮንድ በኋላ ዝቅ ብሎ ከንግግሩ ሥር ይቆያል፤ ከዚያ ይጠፋል።)

በየሳምንቱ በዚህ ሰዓት የሚቀርበው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ዛሬ ስለ ጌም ያወራል። ወላጆች፣ እባካችሁ ጣቢያውን አትቀይሩ! «ልጄ ከስልኩ ላይ ዓይኑን አልነቅል አለኝ» ለምትሉም የሚሆን ነገር ይዘናል።

ጌሙ ቴትሪስ ይባላል። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ ሲያየው ያስታውሰዋል። ከአራት አራት ካሬ የተሠሩ ቁርጥራጮች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ታች ሲደርሱ ይደረደራሉ። አንድ ረድፍ ያለ ክፍተት ከሞላ ይጠፋል። ክምሩ ጣሪያ ከነካ ጨዋታው አለቀ። አንዳንዱ በስልኩ፣ አንዳንዱ በባትሪ በምትሠራ ትንሽ የፕላስቲክ መጫወቻ ተጫውቶት ይሆናል።

ሕጉ ይኸው ነው፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ጌሙን ጠንቅቆ ማወቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የዓለም ጎበዞች ከ30 ዓመት በላይ ሲታገሉት ኖረዋል።

እንግዲህ ጥያቄያችን፦ አንድ ሰው እንዲህ ያለ አስቸጋሪ ጌም ላይ ወራት፣ አልፎም ዓመታት ሲያሳልፍ ምን ያገኛል? ገንዘብ ነው? ብልህነት ነው? ወይስ ጊዜውን ብቻ ከስሮ ይነሣል? ጥያቄውን ያዙልን፤ እየመላለስን እናነሣዋለን።

(አጭር ሙዚቃ፣ 5 ሴኮንድ።)

እስኪ መጀመሪያ ወደ ሞስኮ እንሂድ። ጊዜው 1984 ነው። በዚህ ዝግጅት የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን። አሌክሴይ ፓዢትኖቭ በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ተመራማሪ ነበር። እንቆቅልሽ ነገር ነፍሱ ነው። በተለይ ከአምስት አምስት ካሬ የተሠሩ 12 ቅርጾችን አንድ ሳጥን ውስጥ አጋጥሞ መደርደር የሚጠይቀውን ጨዋታ ይወደው ነበር። ይህን ወደ ኮምፒውተር ላምጣው ብሎ ሲሞክር 12 ቅርጽ በዛበት። ከእያንዳንዱ አንዳንድ ካሬ ቀነሰ። በአራት ካሬ ሲሠሩ ቅርጾቹ ሰባት ብቻ ሆኑ።

የሚሠራበት ማሽን ኤሌክትሮኒካ 60 ይባላል። ሥዕል ማሳየት አይችልም፤ የሚያወጣው ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የቴትሪስ ካሬዎች በቅንፍ ምልክት የተሠሩ ነበሩ። በቃ፣ ቅንፍ!

አንድ ችግር ገጠመው። ቁርጥራጮቹ ስክሪኑን በጥቂት ሴኮንድ ሞልተውት ጨዋታው ያልቃል። የሞላ ረድፍ ይጥፋ የሚለው ሐሳብ የመጣለት ያን ጊዜ ነው። ይህች ትንሽ ውሳኔ ጌሙን መምህር አደረገችው። እንዴት? ተጫዋቹ አስተካክሎ የሠራው ሁሉ ከፊቱ ይነሣለታል። የተሳሳተው ግን እዚያው ተጋድሞ ያፈጥበታል። ቀዳዳ ትቶ ካለፈ፣ ከላይ የተጫነባት እስኪጸዳ ድረስ ቀዳዳዋ ንቅንቅ አትልም። ቀይ እስክሪብቶ የያዘ አራሚ አያስፈልገውም።

የገንዘቡን ነገር ቶሎ እንለፈው። መብቱ በሶቪየት መንግሥት እጅ ስለነበረ ፓዢትኖቭ ለዓመታት ምንም አላገኘም፤ ከሽያጩ ድርሻውን ማግኘት የጀመረው በ1996 ነው። ጌሙ ግን እሱን አልጠበቀም። የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ1989 ጌም ቦይ ከተባለው የእጅ መጫወቻው ጋር ዓለምን አዳረሰው። በዚያው ዓመት ኒንቴንዶ ለቴሌቪዥን ማጫወቻው ያወጣውን ቴትሪስ ደግሞ እስከ ዛሬ ይዘውት የሚወዳደሩ አሉ። ወደነሱ እንመለሳለን።

(ቁልፍ ሲነካ የሚሰማ «ጠቅ ጠቅ» ድምፅ፣ 3 ሴኮንድ።)

አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ። መኪና የምትነዱ ግን እንዳትጨፍኑ! አንድ ረጅም ሳጥን አስቡ። ወርዱ 10 ካሬ፣ ቁመቱ 20 ካሬ። ከላይ አንድ ቁራጭ እየወረደ ነው፤ በጎን በኩል ባለች ትንሽ መስኮት ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ይታያል።

ጀማሪ ምን ያደርጋል? የሚወርደውን ቁራጭ ያያል፤ «የት ላድርግህ?» ይላል፤ ክፍተት ያገኘበት ይጥለዋል። አንድ ረድፍ ሞልቶ ሲጠፋለት ደስ ይለዋል። ጥፋት የለበትም፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ጥቂት ሳምንት የቆየው ግን ሌላ ነገር ማስላት ይጀምራል። በዚያ በ1989ኙ የኒንቴንዶ ጌም፣ በመነሻው ደረጃ፣ አንድ ረድፍ ብቻውን ሲጠፋ 40 ነጥብ ይሰጣል። አራት ረድፍ በአንዴ ሲጠፋ ግን 1,200 ነጥብ ነው። ልብ በሉ፦ አራቱን አንድ በአንድ ቢያጠፋቸው ያገኝ የነበረው 160 ብቻ ነው። ሥራው ያው አራት ረድፍ፤ ክፍያው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ልዩነቱ መታገሥ ላይ ነው።

ስለዚህ ተጫዋቹ ቀኝ ዳር ያለውን አንድ ዓምድ ባዶ ይተወዋል። የቀሩትን ዘጠኝ ዓምዶች አስተካክሎ ይደረድርና ይጠብቃል። ማንን? ረጅሟን ዱላ። አራት ካሬ በአንድ መስመር የተሰለፉባት ቁራጭ እሷ ናት፤ አራት ረድፍ በአንዴ መዝጋት የምትችለውም እሷ ብቻ ናት። ስትመጣ ቆማ ዳር ላይ ትገባለች፤ አራቱም ረድፍ ብን ይላሉ።

ባትመጣስ? እዚህ ላይ ነው ጌሙ ተጫዋቹን የሚፈትነው። ክምሩ ከፍ ከፍ ይላል፤ ዱላዋ የለችም። ልገላገል ብሎ ዳሩን ቢዘጋ የጠበቀው ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ትንሽ ልጠብቅ ቢል ጣሪያው ይቀርባል። ትክክለኛው መልስ በየጊዜው ይለያያል፤ የት ላይ መቁረጥ እንዳለበት የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ተቃጥሎ ያየ ሰው ነው።

አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። የክምሩ አናት ልሙጥ ቢሆን ጥሩ ነው ወይስ ወጣ ገባ ቢል?

እስኪ አስቡት።

(ሙዚቃ፣ 4 ሴኮንድ።)

አብዛኛው ሰው «ልሙጥ» ይላል። አይደለም! ከሰባቱ ቅርጾች ሁለቱ ጠማማዎች ናቸው፤ ሁለት ካሬ ከታች፣ ሁለት ካሬ ከላይ፣ አንዱ ከሌላው ወደ ጎን ሸርተት ያለ። ፍጹም ልሙጥ በሆነ ወለል ላይ እነዚህን እንዴትም ቢያዞሯቸው ከሥራቸው ቀዳዳ ይተዋሉ። እነሱ አንድ ካሬ የሚያህል ደረጃ ይፈልጋሉ። ሁለት በሁለት የሆነችው ካሬ ደግሞ በተቃራኒው ሁለት ዓምድ ልሙጥ ወለል ትፈልጋለች። ስለዚህ የገባው ተጫዋች አናቱን አንድ ቦታ ልሙጥ፣ አንድ ቦታ በደረጃ፣ ለሚመጣው ሁሉ ማረፊያ እንዲኖረው አድርጎ ይገነባዋል። ማን እንደሚመጣ አያውቅም፤ ማንም ቢመጣ እንዳይቸገር ግን ያዘጋጃል።

ዓይኑም ቦታ ይቀይራል። ጀማሪው የሚወርደውን ቁራጭ ነበር የሚያየው። ትንሽ የቆየው ክምሩን ያያል። የተካነው ደግሞ ዓይኑን ወደዚያች ትንሽ መስኮት ይልካል፤ የሚወርደውን የት እንደሚያደርገው ቀድሞ ጨርሷላ! አሁን ሐሳቡ ቀጥሎ ስለሚመጣው ነው።

እንድገመው፦ መጀመሪያ ቁራጩን፣ ቀጥሎ ክምሩን፣ በኋላ የሚመጣውን። ጌሙ አንድም ነገር አልተለወጠም። የተለወጠው ተጫዋቹ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን የሚያጠኑ ምሁራን አሉ። በ1994 ዴቪድ ከርሽና ፖል ማሊዮ የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ተጫዋቾች ቁራጩን አስበው ጨርሰው አይደለም የሚያዞሩት። እያዞሩ ነው የሚያስቡት። በጭንቅላት ውስጥ ከማዞር ይልቅ ቁልፉን ነክቶ ስክሪኑ ላይ ማየት ይፈጥናል። ቁራጩን ካስፈለገው በላይ የሚያዞር ሰው ብታዩ ተሳስቷል አትበሉ፤ እጁ ለጭንቅላቱ ሥራ እያቀለለለት ሊሆን ይችላል። ሲያሰላ በጣቱ የሚቆጥረውን ልጅ «በቃልህ!» እያልን የምንቆጣ ሰዎች ይህን ብናስብበት አይከፋም።

(አጭር ሙዚቃ፣ 5 ሴኮንድ።)

አሁን ወደ አንጎል እንግባ። አንድ ሰው አንድን ነገር እየተካነው ሲሄድ አንጎሉ የበለጠ ይሠራል ወይስ ያነሰ? ምን ትገምታላችሁ?

ሪቻርድ ሃየርና ባልደረቦቹ ይህንኑ በቴትሪስ ፈትነውት ውጤቱን በ1992 አሳተሙ። ስምንት ወጣት ወንዶች ጌሙን ሲጫወቱ አንጎላቸው ምን ያህል ግሉኮስ እንደሚያቃጥል በመሣሪያ ተለካ። ግሉኮስ ማለት አንጎል የሚሠራበት ስኳር ነው፤ ነዳጁ በሉት። ወጣቶቹ ከዚያ በኋላ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት በየቀኑ ተለማመዱ፤ እንደገና ተለኩ። ችሎታቸው ከሰባት እጥፍ በላይ አድጓል። የአንጎላቸው ውጫዊ ክፍል ያቃጠለው ነዳጅ ግን ቀንሷል!

ጨዋታው በጣም ፈጥኗል፤ ወጪው ወርዷል። ከሁሉም የሚገርመው፣ በበርካታ የአንጎል ክፍሎች የነዳጅ ፍጆታው ይበልጥ የቀነሰው ችሎታቸው ይበልጥ ያደገላቸው ላይ ነው።

መጀመሪያ ቀን ምጣድ ፊት የተቀመጠችን ልጅ አስቡ። ሊጡን፣ እሳቱን፣ አክንባሎውን፣ ዓይን ማውጣቱን ሁሉ በአንዴ ስታስብ ላብ ያጠምቃታል። እናቷ ግን እየጋገረች ከጎረቤት ጋር ወግ ትጠርቃለች። እናትየው የምታስበው ስለጠፋት አይደለም፤ እንጀራው ብዙ ሐሳብ መጠየቁን ስላቆመ ነው።

ከዝግታ ልምምድ የሚገኘው የመጀመሪያው ትርፍ እንግዲህ ይኸው ነው። ከብዶ የነበረው ይቀላል፤ በተረፈው አቅም ወደ ላይኛው ችግር መውጣት ይቻላል። አንድ ጊዜ እንድገመው፦ ችሎታ ሲያድግ ድካሙ ይቀንሳል። ይህ ግን በአንድ ቀን አልመጣም፤ በየቀኑ የተደረገ የሳምንታት ልምምድ ነው ያመጣው።

ሌላም አለ። ቴትሪስ አብዝቶ የተጫወተ ሰው ሊተኛ ዓይኑን ሲጨፍን ቁርጥራጮቹ ሲወርዱ ይታዩታል። ይህን በሳይንስ መንገድ ያጠናው የሃርቫርዱ ሮበርት ስቲክጎልድ ነው። በ2000 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጣው ጥናት 27 ሰዎች በሦስት ቀን ውስጥ ለሰባት ሰዓት ያህል ቴትሪስ ተጫወቱ። ከ27ቱ 17ቱ እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል የሚወርዱ ቁርጥራጮች ማየታቸውን ተናገሩ።

ከነሱ መካከል አምስቱ የማስታወስ ችሎታቸው በሕመም የተጎዳ ሰዎች ነበሩ። አዲስ ነገር አይይዙም፤ ጌሙን መጫወታቸውን ራሱ ይረሱታል። ከአምስቱ ሦስቱ ግን በእንቅልፍ ዋዜማ ያንኑ ነገር አዩ። መጫወቱን አያስታውሱም፤ ቁርጥራጮቹ ግን ይወርዱላቸዋል! ስቲክጎልድ ከዚህ ያየው፣ የሰው ልጅ «አስታውሳለሁ» ከሚለው ውጭ አንጎሉ የቀኑን ትምህርት ይዞ ወደ እንቅልፍ እንደሚገባ ነው።

ወላጆች፣ ይህን ያዙልን፦ ሌሊቱን ሙሉ ከመጫወት በመጠኑ ተጫውቶ መተኛቱ ለጌሙ ራሱ ይበጃል። ለልጆቻችሁ በዚህ መንገድ ብትነግሯቸው «ስልኩን አስቀምጥ» ከሚለው የተሻለ ሳይሰሟችሁ አይቀሩም።

(ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። 6 ሴኮንድ።)

እስካሁን ምስጋና አበዛን አይደል? ሌላውንም ወገን እንይ። ቴትሪስ የተጫወተ ልጅ ሒሳብ ይጎብዛል? አጠቃላይ ብልህነቱ ያድጋል?

ቫለሪ ሲምስና ሪቻርድ ሜየር በ2002 ያሳተሙት ጥናት ይህን ጠይቋል። የቴትሪስ ጎበዞች ቅርጽን በሐሳብ በማዞር ፈተና ከሌሎች በልጠው ተገኙ። ነገር ግን የበለጡት ቅርጾቹ የቴትሪስ ቁርጥራጮች ወይም እነሱን የሚመስሉ ሲሆኑ ብቻ ነው። ሌላ ዓይነት ቅርጽ ሲቀርብላቸው ብልጫው አልታየም። ያተረፉት ጠባብ ነው፤ የቴትሪስ ችሎታ ነው።

ስለዚህ «ይህ ጌም አንጎልን ይስላል» የሚል ማስታወቂያ ስትሰሙ ጠርጥሩ። የዚህ ዝግጅት አስተያየት ግልጽ ነው፦ ጌሙን ለሌላ ነገር መድኃኒት አድርጎ ማቅረብ ልጁንም ወላጁንም ማታለል ነው። በውስጡ ያለው ትርፍ በቂ ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም።

ታዲያ ያ ትርፍ ምንድን ነው? መልሱን ከተጫዋቾቹ ታሪክ እንፈልገው።

(«ጠቅ ጠቅ» ድምፅ፤ እየፈጠነ ይሄዳል። 5 ሴኮንድ።)

ቅድም የጠቀስነው የ1989ኙ የኒንቴንዶ ጌም በደረጃ በደረጃ ይፈጥናል። ደረጃ 29 ሲደርስ ቁራጩ ከጣሪያ እስከ ወለል ለመውረድ የሚወስድበት የአንድ ሴኮንድ ሢሶ ነው። ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ማለት ነው። ቁልፉን ተጭኖ የሚይዝ ተጫዋች ቁራጩ ዳር ሳይደርስለት ታች ያርፍበታል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ተጫዋቾች ደረጃ 29ን የጌሙ ግድግዳ አድርገው ቆጠሩት። «ከዚህ ወዲያ የለም» ተባለ።

ቶር አከርለንድ የሚባል አሜሪካዊ ግን ቁልፉን ተጭኖ ከመያዝ ይልቅ አውራ ጣቱን እያንቀጠቀጠ በፍጥነት ደጋግሞ በመምታት ወደ ደረጃ 30 ተሻገረ። ተጫዋቾቹ ይህን አመታት ሃይፐርታፒንግ ይሉታል። አስቸጋሪና አድካሚ ነው፤ ብዙዎች አልተከተሉትም።

በ2010 የድሮው ቴትሪስ የዓለም ሻምፒዮና በአሜሪካ ተጀመረ። ጆናስ ኒውባወር የተባለ ተጫዋች ሰባት ጊዜ አሸነፈ። ጨዋታው የረጋ ነበር፤ ቁልፉን በአሮጌው መንገድ ተጭኖ ይይዝ ነበር፤ ከሁሉ የሚበልጠው በአደራደሩ ነበር። በ2018 ለፍጻሜ ሲቀርብ ከፊቱ የተቀመጠው የ16 ዓመቱ ጆሴፍ ሴይሊ ነበር። ጌሙ ገበያ ላይ ሲውል ያልተወለደ ልጅ! ጆሴፍ በሃይፐርታፒንግ እየተጫወተ ሦስት ለባዶ አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የዚህ ታሪክ እምብርት ነው። የጨዋታውን ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ያዩ ታዳጊዎች ከያሉበት ጌሙን ያዙት። የሚያውቁትን አይደባበቁም፤ አንዱ ያገኘውን ዘዴ ለሌላው ያሳያል። በ2020 የፍጻሜ ተፋላሚዎቹ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ያሸነፈው ታናሽየው፣ የ13 ዓመቱ ማይክል አርቲያጋ ነው። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ቤት ውስጥ እየተፎካከሩ ሲማሩ የሚሆነውን ወንድም ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ሮሊንግ የሚባል አዲስ አያያዝ መጣ። እንዴት ነው? ጆይስቲኩን አስቡት። አንደኛው አውራ ጣት ቁልፉ ላይ ዝም ብሎ ያርፋል። የሌላኛው እጅ ጣቶች ከጆይስቲኩ ጀርባ ሆነው ጠረጴዛ እንደሚያንኳኳ ሰው ተራ በተራ፣ ትር ትር ትር ያደርጉታል። ጣቶቹ ከኋላ በገፉ ቁጥር ቁልፉ ራሱ ወደ አውራ ጣቱ ይመጣል። አውራ ጣቱ አይደክምም፤ ምቱ ግን በሴኮንድ ብዙ ነው።

ይህን አስተውሉት። ማሽኑ ያው የድሮው ማሽን ነው። ጌሙ ውስጥ አንድ ፊደል አልተቀየረም። ለብዙ ዓመታት ግድግዳ የተባለው ግን ፈረሰ፤ ወሰኑ የጌሙ ሳይሆን የጣት አያያዝ ሆኖ ተገኘ።

(አጭር ሙዚቃ፣ 4 ሴኮንድ።)

ከዚያ የመጣው ዊሊስ ጊብሰን ነው፤ ከአሜሪካዋ ኦክላሆማ ግዛት። ጌሙን የጀመረው በ11 ዓመቱ ነው። ዲሴምበር 21 ቀን 2023፣ በ13 ዓመቱ፣ ከማንም ተጫዋች ርቆ ሄደ። ያን ያህል ሲርቅ ጌሙ ራሱ ግራ ይጋባል፤ ማንም እዚያ ይደርሳል ብሎ ያሰበ ስለሌለ የቁርጥራጮቹ ቀለም ይዘበራረቃል፤ አንዳንዱ ደረጃ ላይ ከጥቁሩ ስክሪን ለመለየት ያስቸግራሉ።

በኮምፒውተር ፕሮግራም የተደረጉ ሙከራዎች ከደረጃ 155 ጀምሮ ማሽኑ ሊቆም እንደሚችል አሳይተው ነበር። ዊሊስን ማሽኑን የማቆም የመጀመሪያዋ ዕድል አመለጠችው። መጫወቱን ቀጠለ። ደረጃ 157 ላይ አንድ ረድፍ ሲያጠፋ ነጥብ የሚያሰላው የፕሮግራሙ ክፍል በጊዜው መጨረስ አቃተውና ጌሙ ሃንግ አደረገ። ቀጥ! ጨዋታው 38 ደቂቃ ያህል ፈጅቶ ነበር። ልጁ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ እጁን ራሱ ላይ ጫነ፤ ጣቶቹ እንደደነዘዙ ሲናገር በቪዲዮው ይሰማል። ድሉን መታሰቢያ ያደረገው በዚያው ወር ላጣው አባቱ ነው።

አንዲት የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ ዜናውን ካነበበች በኋላ፣ እንደ እናት ልጁን ከስክሪኑ ተነሥቶ ንጹሕ አየር እንዲወስድ እንደምትመክረው ተናገረች። ቴትሪስን ማሸነፍ የሕይወት ግብ አይደለም አለች። ብዙ ተመልካች ተቆጣት። እናንተስ? ትክክል ናት ትላላችሁ?

ስለ ንጹሕ አየሩ እውነቷን ነው፤ ማንም አይከራከራትም። ልጁ የሠራውን ግን አላየችም። አንድ የተወሰነ ነገር መርጦ ለሁለት ዓመት ያህል መማር፣ የሌሎችን ዘዴ አጥንቶ የራስ ማድረግ፣ ዕድል ሲያመልጥ ሳይደናገጡ መቀጠል! ይህን በኳስ ወይም በክራር ያሳየንን ልጅ እልል ብለን እንቀበለው ነበር።

ቅድም የጠየቅነው ትርፍ እንግዲህ ይኸው ይመስለናል። ሲምስና ሜየር እንዳሳዩት ችሎታው ጠባብ ነው፤ ወደ ሒሳብ ክፍል ተሸክመውት አይገቡም። ተጫዋቹ ግን የራሱን ለውጥ በዓይኑ ያያል። ባለፈው ወር ያቃተው ዛሬ ሳያስበው ያልፈዋል፤ ለምን እንዳለፈውም ያውቃል። በሌላው የሕይወት ሥራ ይህን ያህል በግልጽ የሚታይ ነገር ብዙ አይገኝም።

ታሪኩ በዊሊስም አላበቃም። ያ በ13 ዓመቱ ወንድሙን ያሸነፈው ማይክል አርቲያጋ በኦክቶበር 2024 እንዳይቆም ተደርጎ በተስተካከለ የጌሙ ቅጂ ሲጫወት ደረጃ 255ን አለፈ። ማሽኑ ከ255 በላይ መቁጠር አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ዜሮ ተመለሰ። ከአንድ ሰዓት በላይ እንደ መብረቅ ሲወርዱ የነበሩት ቁርጥራጮች ለጀማሪ እንደሚወርዱት ቀስ ማለት ጀመሩ። ማይክልም መደርደሩን ቀጠለ።

(ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል፤ ዝቅ ብሎ ይቆያል።)

አድማጮቻችን፣ ከመለያየታችን በፊት አንድ የቤት ሥራ አለን። በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ የመደርደር ጌም የሚጫወት ልጅ ካለ፣ ለአምስት ደቂቃ አጠገቡ ተቀመጡ። ውጤቱን አትጠይቁት። ዓይኑን ብቻ ተከታተሉ፦ የሚወርደውን ቁራጭ ነው የሚያየው? ክምሩን ነው? ወይስ የሚመጣውን? ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግማችሁ ተመልከቱና ያያችሁትን ጻፉልን፤ በዚሁ ሰዓት እናነበዋለን።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ድረስ ሰላም ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ይላል።)